የማታዶር ዘር በሞርተንሩድ

በኦስሎ ከተማ ሐበሻ ሐበሻን የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ዕድሜህን ይጠይቅሃል። ቤት ገዛህ ወይስ ትከራያለህ፣ ለምን እስካሁን አላገባህም፣ ካገባህስ ለምን አልወለድክም፣ ከወለድክስ ለምን በአንድ አቆምክ፣ ይህን ሁሉ ገና የካፖርትህን ቁልፍ ፈትተህ ሳትጨርስ ከደጃፍ ላይ ይጠይቅሃል። ሐኪሙ እንኳ ያላረጋገጠውን በሽታህን በስሙ ጠርቶ «እንዴት አደረገህ?» ይልሃል። «ምን ትሠራለህ?» ግን አይልህም። «ሥራ እንዴት ነው?» ይልሃል፤ «ደህና ነው፣ ተመስገን» ትለዋለህ፤ እሱም ተመስገን ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለታችሁም ስለ አየሩ ታወራላችሁ። አየሩ ደግሞ በዚህ አገር ወሬ አጥቶ አያውቅም።

ይህን ዝምታ ጨዋነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ውል ነው እላለሁ። ያንተን መወልወያ አላየሁም፣ የእኔን አላየህም፤ ተፈራርመናል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ማዕረግ፣ የአንዱ መምሪያ ኃላፊነት፣ የሌላው መቶ አለቅነት፣ የሦስተኛው ምክትል ዳይሬክተርነት፣ እንደ ሙሉ ልብስ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል። ለሠርግና ለለቅሶ ይወጣል፣ ተራግፎ ይለበሳል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይታጠፋል። ብል እንዳይበላው የምንጨምርለት ዝምታችንን ነው።

እኔም ከውሉ ውጭ አይደለሁምና አስቀድሜ ልናዘዝ። ሥራዬ ቶልክ ነው፤ አስተርጓሚ ማለት ነው። ሐኪም ቤት፣ የኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ጽሕፈት ቤት፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት እየቀረብኩ የአንዱን ቃል ለሌላው ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ። አዲስ አበባ ያሉት እናቴ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ፍርድ ቤት» የምትለዋን ብቻ መርጠው ወሰዱና፣ ለማኅበርተኞቻቸው ሁሉ ልጃቸው በነጮች አገር ዳኛ እንደሆነ አወጁ። ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈው። አላረምኳቸውም። ቃልን በማቃናት እንጀራውን የሚበላ ሰው የገዛ እናቱን ቃል ለምን አላቃናም ብሎ የሚጠይቀኝ አንባቢ ካለ፣ አየሩ እንዴት ነው ዛሬ?

እንግዲህ ይህ ሥራ የማይጠይቅ ሕዝብ ልጁን ሊድር ሲነሳ ምን የሚጠይቅ ይመስላችኋል?

የሙሽራውን አያት ሥራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞርተንሩድ፣ የምድር ባቡሩ «ከዚህ ወዲያስ የት ልሂድ» ብሎ በሚቆምበት ሰፈር፣ አቶ በላቸው የሚባሉ ስድሳን የተሻገሩ ሰው ይኖራሉ። አዲስ አበባ ሳሉ መምሪያ ኃላፊ ነበሩ። እዚህ ደግሞ «የሕንፃ አስተዳደር ውስጥ ነኝ» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቃቸው የለም፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሜሮን ትባላለች፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ይህች ልጅ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቀረፋ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ሁንልኝ» አለችኝ። ጋሼ እያለች አንተ ትለኛለች። እዚህ የተወለዱ ልጆች ከወላጆቻቸው ቋንቋ ሲቀበሉ አንቱታን ከበድ አለን ብለው ደጅ ትተውታል።

«ለማን?»

«ለራፋኤል።»

ራፋኤል ስፔናዊ ነው። ኦከርን በሚባል ሰፈር ባርነሃገ፣ ማለትም ሕፃናት መዋያ፣ ውስጥ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ንፍጥ ይጠርጋል፣ ጫማ ያስራል፣ ስለ ሸረሪት ይዘፍናል። እናቱ ያሉት ስፔን ነው፤ ኦስሎ ውስጥ ሽማግሌ የሚልክለት አንድም ወገን የለውም። ስለዚህ ከሐበሻ ተውሰን ሽማግሌ እንሁንለት ነው ነገሩ።

«ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ብትፈራረሙ ማን ይከለክላችኋል?» አልኳት።

«ናይ!» አለች። አዎ ስትል በአማርኛም ታደርገዋለች፤ እምቢታዋ ግን ሁልጊዜ በኖርዌጂያን ነው። «ያለ አባዬ ምርቃት አላገባም። እምቢ ካለ ለራፋኤል ቀለበቱን እመልስለታለሁ። ነግሬዋለሁ። እሱም ያውቃል።» ይህን ስትል ቀለበቱን በአውራ ጣቷ ታሽከረክረው ነበር፤ ዓይኗ ላይ ያቀረረውን ደግሞ የቀረፋው ሽታ ነው ብዬ አለፍኩት። ቀልድ እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል። አባቷን አውቃለሁ፤ ያንኑ ግትርነት በቀጭን ድምፅ ስሰማው አልጠፋኝም።

ሽማግሌ ሦስት ነው። አንዱ እኔ። ሁለተኛው ሰይድ፣ የወሎ ሰው፣ አውቶቡስ ነጂ፣ ምላሱ ማር። ሦስተኛው አቶ ንጉሤ። አቶ ንጉሤን እንደማታውቋቸው አትሁኑ፤ በየከተማው አንድ አንድ አሉ። የዓለም ቃላት ሁሉ ከግዕዝ ወጥተው የተሰደዱ ናቸው ብለው የሚያምኑ፣ «ኖርዌይ» የሚለውም «ነዋሪ» ከሚለው የተወሰደ መሆኑን ማስረጃ ሳይጠየቁ የሚያስረዱ ሰው ናቸው። ማስረጃ ከጠየቃችኋቸው ደግሞ ሌላ ቃል ይጨምሩላችኋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። በዚህ አገር ጫማ ደጅ ይወልቃል፤ በእኛ ባህል ደግሞ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም። ሁለቱ ሥርዓቶች ተጋግዘው ሦስት ጎልማሶችን በካልሲ አቆሙን። የአቶ ንጉሤ የቀኝ አውራ ጣት ካልሲውን ቀድዶ እሱም እንደ አራተኛ ሽማግሌ ብቅ ብሎ ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ! ምን ሆናችኋል?» አሉ አቶ በላቸው፤ ምን እንደሆንን እያወቁ።

«ለጉዳይ ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን እሺታ ካላገኘ አንቀመጥም» አለ ሰይድ፤ ከዚያም ስለ ራፋኤል ትሕትና፣ ስለ ሁለቱ ልጆች መዋደድ፣ ስለ ፈጣሪ ጥበብ፣ አንድ ሙሉ የአውቶቡስ መስመር የሚያህል ንግግር አደረገ። አቶ በላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲገልጡት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዘሩ ምንድን ነው? አያቱ ምን ነበሩ?»

ሰባት ቤት መቁጠሩ በባዕድ እንደማይሆን ገብቷቸው ወደ አንድ ቤት ዝቅ ማድረጋቸው እንደ ለዘብተኛነት ሊቆጠርላቸው ይገባል። ችግሩ እኛ ስለ አያቱ የምናውቀው ሜሮን በደረጃው ላይ የነገረችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑ ነው፤ «በሬ በሚዋጉበት ሜዳ ይሠሩ ነበር።» ይህን እንደሰማነው ብናቀርበው ምን ነበረበት? አቶ ንጉሤ ግን እንደሰሙት ያቀረቡት ነገር ኖሮ አያውቅም።

«አያቱ ማታዶር ነበሩ!» አሉ፤ ደረታቸውን ነፍተው።

«ማታዶር ምንድን ነው?»

«ከበሬ ጋር በሰይፍ ተናንቆ የሚገድል ጀግና ነዋ።»

አቶ በላቸው ትንሽ አሰቡ። «በሬ?» አሉ። «አንበሳ ገደለ በሉኝ። ዝሆን ገደለ በሉኝ፤ ጎሽ ገደለ በሉኝ፤ ይገባኛል። በሬማ እኔም ለፋሲካ ስገድል ኖሬያለሁ።»

«መቼ ነው የገደልከው?» የሚል ድምፅ ከማድቤት መጣ። ወይዘሮ ጽጌ ናቸው፣ ባለቤታቸው። «ቢላውን የሚይዘው ሌላ። አንተ ጅራት ያዥ ነበርክ!»

አቶ በላቸው ጅራቱን እንዳልሰሙ ሆነው ቀጠሉ። «ማታዶር ማለት የልኳንዳ ሰው ማለት ከሆነ፣ ልጄን ለሥጋ ቆራጭ ዘር አልሰጥም። ሥራ ክቡር ነው፤ ግን ዘር ዘር ነው።»

«ጋሽ በላቸው፣ ሥጋውን ሲበሉ ቆራጩን አልጠየቁትም» አለ ሰይድ በለሆሳስ።

«ሁለት ሳምንት ስጡኝ። እናንተም የቃሉን ትርጉምና መነሻ አጣርታችሁ ኑ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ቶልክ አይደለህም? ተጠያቂው አንተ ነህ።»

«ልጄን ለሥጋ ቆራጭ ዘር» ሲሉ ግን ዓይናቸው ከዓይኔ ሸሸ። ለምን እንደሸሸ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ባለፈው የበረዶ ወራት ለአንድ የማለዳ ቀጠሮ ብሪን ወደሚገኝ የቢሮ ሕንፃ ቀድሜ ደርሼ ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ባልዲና መወልወያ የተጫነበት ባለ ጎማ ጋሪ እየገፋ መጣ። አቶ በላቸው ነበሩ። ተያየን። እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞረው በቦታው የሌለ እድፍ መፈተግ ጀመሩ፤ እኔም ያልጠራ ስልክ አነሳሁ። ሊፍቱ መጥቶ ሁለታችንንም አዳነን። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተገናኘንና «ሥራ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ደህና ነው፣ ተመስገን» አሉኝ። ውሉ ተከበረ።

ስለዚህ መጻሕፍት ገለጥኩ። በስፓኒሽ «ማታር» መግደል ነው፤ «ዶር» ደግሞ አድራጊውን የሚያመለክት ጭራ። ማታዶር ማለት በአጭሩ ገዳይ ማለት ነው። በሬ የሚባል ነገር ቃሉ ውስጥ የለም። ሙሉ ማዕረጉ «የበሬዎች ገዳይ» ነበር፤ በሬዎቹ በሜዳው እንደሚወድቁት ሁሉ ከማዕረጉም ወደቁና ገዳይ ብቻውን ቀረ። ወደ ሜዳው የሚገባ ሁሉ ደግሞ ማታዶር አይደለም። የሁሉም የወል ስም «ቶሬሮ» ነው፤ «ቶሮ» ከሚለው የበሬው ስም የወጣ። ከመካከላቸው በፈረስ ሆኖ በጦር የሚወጋ አለ፤ በባለቀለም ወረቀት ያጌጠ ሾተል በሬው ጫንቃ ላይ የሚተክልም አለ። ማታዶር የሚባለው እነዚያ በሬውን አድክመው ካዘጋጁለት በኋላ በመጨረሻ መጥቶ የሚጨርሰውና ጭብጨባውን ጠቅልሎ የሚወስደው ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ስሙን ይኸው አገኛችሁለት።

«ቶሬአዶር» የምትሉም አላችሁ። ተዉት። ጥንት በፈረስ ይዋጋ ለነበረው መኳንንት የተሰጠ ስም ነው፤ ስፔኖቹ ራሳቸው ከጣሉት ቆይተዋል፤ የፈረንሳይ ኦፔራ አንስቶ አቧራውን አራግፎ ለዓለም በተነው። ቃሉን ዛሬ በኩራት የሚጠሩት ስፔንን ከመድረክ ዘፈን ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

«ማታር» ራሱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ተጣልተዋል። አንዱ ወገን ለአማልክት መሥዋዕት ማረድን ከሚገልጽ የላቲን ግስ ነው ይላል። ሌላው የለም፣ የደነዘዘ፣ የፈዘዘ ከሚል ሌላ የላቲን ቃል ነው፤ መጀመሪያ ማደንዘዝ ነበር፣ ቆይቶ መግደል ሆነ ይላል። ሦስተኛው ከዐረብኛ «ማተ» ያመጣዋል፤ በሰንጠረዥ ጨዋታ ንጉሡ ሲያዝ ከሚባለው ጋር አያይዞ። ይህ ሦስተኛው ለእኛ ጆሮ እንዴት እንደሚጣፍጥ አልነግራችሁም፤ ማተ፣ ሞተ፤ አንድ ቤት ያደጉ እኅትማማቾች ናቸው። ግን አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ማተ ማለት ሞተ ነው እንጂ ገደለ አይደለም። በመሞትና በመግደል መካከል ልዩነት የለም የሚል ሟች እስካሁን አልገጠመኝም።

ገዳይ የሚለውን ስትሰሙ አትሰቅጠጡ። በእኛም ዘፈን ሴቲቱ ወዳጇን «ገዳዬ» ብላ ስታሞግሰው «ማንን ገደለ?» ብሎ ምርመራ የከፈተ ፖሊስ የለም። ገዳዩን ያላሞገሰ ሕዝብ ፈልጌ አጥቻለሁ። ገዳዩ ጭብጨባውን ወስዶ ከወጣ በኋላ ሜዳውን ያጸዳውን ያሞገሰ ሕዝብም ፈልጌ አጥቻለሁ።

በዚህ መካከል፣ ሥራ ያስለመደኝ ነገር ነውና፣ ምንጩን ራሱን ልጠይቅ ብዬ ወደ ኦከርን ሄድኩ። ራፋኤል በምሳ ዕረፍቱ ወጣልኝ፤ ከኪሱ የአንድ ልጅ ጓንት ተንጠልጥሏል። በአካባቢው ከሚገነባው ሕንፃ ጩኸት ስለነበር በኖርዌጂያን እየጮህን አወራን።

«አያትህ ማታዶር ነበሩ ወይ?»

ሳቀ። «ማታዶር? አያቴ በሬ ሲመጣ የመጀመሪያው ሯጭ ነበር። አናጢ ነበር። ውጊያ ባለበት ቀን ግን የሜዳውን አሸዋ ያስተካክል ነበር። አንዱ በሬ ሞቶ ተጎትቶ ሲወጣ፣ ቀጣዩ ከመግባቱ በፊት ደሙን ከነአሸዋው በአካፋ ያነሳል፣ አሸዋውን ይደለድላል። ‘የደም ሽታ ከቀረ ቀጣዩ በሬ እዚያ ቆሞ ይቀራል፤ ጉድጓድ ከቀረ ደግሞ ያ በወርቅ ያሸበረቀው ሰውዬ ተንሸራትቶ ይሞታል’ ይል ነበር። አንድም ማታዶር በእሱ አሸዋ ላይ ተንሸራትቶ አያውቅም። እስኪሞት ያወራው ይህንኑ ነው።»

«ሜሮን ታውቃለች?»

«ሁሉንም። ለምን?»

ለምን እንደሆነ ለአንድ ስፔናዊ በሃያ ደቂቃ የምሳ ዕረፍት ማስረዳት አይቻልምና አመስግኜው ወጣሁ። ወደ አቶ ንጉሤ ደወልኩ። «ውሸት ተናግረናል» አልኳቸው።

«ለጋብቻ የተነገረ ውሸት፣ ለስለስ ያለ እውነት ነው» አሉኝ። «ሜዳው ውስጥ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«በሬስ ነበር?»

«ነበር።»

«ደምስ?»

«ነበር።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«መግደሉ።»

«እሷ ትንሽ ነገር ናት!» ብለው ዘጉት።

በቀጠሮው እሑድ ስንመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ጠበቀን። አቶ በላቸው በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ተገልብጠዋል። ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ሲመለከቱ ሰንብተው፣ ወርቅ የተጠለፈበት ልብስ፣ ቀይ ጨርቅ፣ እያጨበጨበ የሚነሳ ሕዝብ አይተው፣ የሥጋ ቆራጩ ነገር ከልባቸው ጠፍቶ ዘሩ የመሳፍንት ዘር ሆኖባቸዋል። ስምንት ያህል ወዳጆቻቸውን ጠርተው ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን አንዱን ማታዶር አቁመውታል፤ ሰውዬው ሰይፉን እንደ ዘረጋ፣ በሬው እንዳጎነበሰ።

«እኔ እኮ ባለማወቅ ነው የተናገርኩት!» አሉን። «ይህ የእርሻ በሬ አይደለም። ይህ ጎሽ ነው! በል አንተ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ትርጉሙንና መነሻውን ተናገር።»

እኛ በካልሲ ቆመናል። አቶ ንጉሤ ለዕለቱ አዲስ ካልሲ አድርገዋል። ከላይ ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ተናገርኩ፤ ገዳይ መሆኑን፣ ሊቃውንቱ በሦስት መከፈላቸውን። «ማተ» ላይ ስደርስ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» አለ። አቶ ንጉሤ ደግሞ አላስቻላቸውም፤ «ቶሮም ቢሆን ከግዕዙ ሶር ነው! ሶር በሬ ነው!» ብለው ጣልቃ ገቡ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ግዴታዬ ነው፤ ሶር በግዕዝ በሬ ነው፤ ቶሮ ከወጣበት የላቲን ቃል ጋር መመሳሰሉም የታወቀ ነው፤ አንዱ ከሌላው ተዋሰ ወይስ ሁለቱም ከሦስተኛ ጎረቤት ተዋሱ የሚለው ግን አልተቆረጠም። አቶ ንጉሤ ሲሳሳቱ ያናድዱኛል፤ በከፊል ትክክል ሲሆኑ ግን አልችላቸውም።

«እንግዲህ ሰማችሁ» አሉ አቶ በላቸው ለወዳጆቻቸው። «የልጁ አያት ይህ ነው።» በቴሌቪዥኑ ያለውን ባለወርቅ አሳዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አይደለም እንዴ?»

ሜሮን የሻይ ሰርቪስ ይዛ ማድቤቱ በር ላይ ቆማለች። ብርጭቆዎቹ በሰርቪሱ ላይ በስሱ ይንጫጫሉ። አንዲት «አዎ» ብቻ ነበረች በእሷና በምርቃቷ መካከል የቀረችው። ሰይድ ጣሪያውን ያያል። አቶ ንጉሤ በክርናቸው ጎሰሙኝ። እኔ ደግሞ ሳልጨምር ሳልቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ፊት ለፊት «አይደለም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከአንደበቴ የሚወጣውን የማዝበት እኔ አይደለሁም። ልማዴ ነው።

«ጋሽ በላቸው፣ አንድ እርማት አለኝ» አልኩ። «አያቱ ማታዶር አልነበሩም። ማታዶሩ ገድሎ ሲወጣ እሳቸው ገብተው ደሙን ያጸዱ፣ አሸዋውን ያስተካክሉ ነበር። ጠራጊ ነበሩ።»

ጸጥ አለ። የሻዩ ብርጭቆዎችም ጸጥ አሉ።

የተቀመጡትን ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። አንዱ ትምህርት ቤት ይወለውላል፤ አንዱ የሆስፒታል ኮሪደር፤ አንዷ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ አንዱ ባቡር ያጥባል። እኔ እንዴት አወቅኩ? ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም አናውቅም። ያ ሁሉ ሰው «ጠራጊ» የሚለውን ቃል ሲሰማ አንድ ላይ ወደ ወለሉ አቀረቀረ። ወለሉ፣ ልብ በሉልኝ፣ እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

አቶ በላቸው ረጅም ጊዜ ቴሌቪዥኑን ተመለከቱ። ባለወርቁን ሳይሆን፣ ከእግሩ ሥር ያለውን አሸዋ።

«በምን ነበር የሚያነሱት?» አሉ።

«ምኑን?»

«ደሙን ነዋ።»

«በአካፋ፣ ከነአሸዋው።»

«ውሃ አያፈሱበትም?»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«አያፈሱበትም» አሉ በእርግጠኝነት። «ቢያፈሱበት ይጨቀያል፤ ሰውየው ይንሸራተታል። ደም ደግሞ ውሃ የሚነካው ከሆነ ቀዝቃዛ ነው መሆን ያለበት። ሙቅ ውሃ ደምን ያበስለዋል፤ ከበሰለ ወለሉን ነክሶ ይይዛል፣ አይለቅም። አዲስ የሚቀጠሩት ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እኛ ብሪን...»

ቆሙ። «እኛ ብሪን» ብለዋል። ከአፋቸው ወጥቷል። ቃል ከወጣ በኋላ የሚመልሰው አካፋ የለም። ወደ ኋላ ግን አላሉም፤ «እኛ ብሪን» ብለው ደገሙት፤ «በቀዝቃዛ ነው።»

«ይህንኑ ነው የእኔ አለቃ አልሰማ ያለኝ!» አለ የሆስፒታሉ ሰው፤ ከዚያም የባቡሩ ሰው ስለ ማስቲካ ተናገረ፤ ከዚያም የሆቴሏ ሴት ስለ ወይን ጠጅ፤ ሃያ ዓመት የታመቀ ሙያ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ማን ማንን እንደሚሰማ አልታወቀም። ወይዘሮ ጽጌ በበኩላቸው ከማድቤት ብቅ ብለው «እሱ እኮ ፋግብሬቭ አለው፣ የሙያ ምስክር ወረቀት፣ ከነማኅተሙ!» አሉ።

«አንቺ ዝም በይ!»

«መሳቢያ ውስጥ፣ ከካልሲው ሥር ነው የቀበረው!»

ይህን ስታነቡ ዓይናችሁ እርጥብ ካለ አብሱት፤ ገና አልጨረስኩም።

አቶ በላቸው ጫጫታው ጋብ ሲል ወደ እኛ ዞሩ። «አንድም ሰው አልተንሸራተተም ነው ያልከኝ?» አሉ። እንዲህ አላልኳቸውም ነበር፤ ከሙያቸው ገምተውት ነው፤ እኔም ራፋኤል ስለ አያቱ የነገረኝን ጨመርኩላቸው። «አንድም» አልኩ። ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «ጎበዝ ሠራተኛ ነበሩ ማለት ነው» አሉ። «ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ሰርቪሱ የት እንደተቀመጠ አላየሁም፤ ሜሮን አባቷ ጉልበት ላይ ነበረች፤ እሳቸውም መዳፋቸውን ራሷ ላይ ጭነው ይመርቋት ነበር፣ እልልታው ምርቃቱን እስኪውጠው ድረስ።

ወጉን እዚህ ብጨርሰው ለሁላችንም ያምር ነበር። ነገር ግን እልልታው ሳይበርድ ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ እትዬ አስካለ ናቸው፣ የአቶ በላቸው ታላቅ እኅት፤ በነገራችን ላይ ከእናቴ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። አቶ በላቸው ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ተፈጸመ ወይ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ተፈጸመ።»

«የዚያ የጀግናው ልጅ ልጅ ነው አይደል? ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ማታዶር ነው ያልከኝ?»

የትምህርት ቤቱ፣ የሆስፒታሉ፣ የሆቴሉና የባቡሩ ሰዎች ሁሉ ስልኩን አዩት። አሁን ሞርተንሩድ ላይ የተነገረው እውነት አውሮፕላን መሳፈር አለመሳፈሩ ሊወሰን ነው። አቶ በላቸው ወለላቸውን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ በመጨረሻም እኔን አዩኝና ፊታቸው በራ።

«ማታዶር ነው!» አሉ። «ካላመንሽኝ ዳኛው ራሱ እዚሁ ተቀምጧል። እሱ ይመስክርልሽ።»

ዳኛው እኔ ነኝ።

ስልኩ ወደ እኔ ተገፋ። የአሸዋውን እውነት ካነሳሁ የዳኝነት ካባዬም አብሮ ሊነሳ ነው፤ ማኅበሩም በሚቀጥለው ወር እናቴ ቤት ነው። ሰይድ ሳቁን በሻይ ሊውጥ ሲል ትን አለው። ከሩብ ሰዓት በፊት በክፍሉ ውስጥ ብቸኛው እውነተኛ እኔ ነበርኩ።

«ያ» አልኩ። አዎ ማለት ነው፤ ግን በኖርዌጂያን ሲሆን ያን ያህል ውሸት አይመስልም።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ አስካለ።

አቶ በላቸው አስተረጎሙልኝ። ጨምረው።